«እዚችው ላይ ብታስቀምጡልኝስ?» — ጡት ውስጥ ስለሚቀመጠው የካንሰር መድኃኒት



ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ኢንቦክሴን አጨናንቆታል። «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ ተያይዞበት ይመጣል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በመርፌ ጄል የመሰለ ነገር ሲወጋ ያሳያል፤ ከላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ኬሞ ቀረ! የጡት ካንሰር እዛው ቦታው ላይ በሚቀመጥ መድኃኒት መዳን ጀመረ» ተብሎ ተጽፎበታል።

አጭሩ መልሴ፦ ሳይንሱ ውሸት አይደለም፤ ርዕሱ ግን ውሸት ነው። ረጅሙን መልስ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው ዛሬ የመጣሁት። ምክንያቱም ይሄን ዓይነት ቪዲዮ አይታ የእናቷን ቀዶ ጥገና ልታራዝም የነበረች ልጅ አውቃለሁ። ታሪኩን የምነግራችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አልጠቅስም።

መንዝ እየሠራሁ በነበረበት ጊዜ ነው። አንዲት የ44 ዓመት እናት ከዘመሮ መጡ። ብርዱ የመንዝ ብርድ ነው፤ ባና ተከናንበዋል። የመጡት ለጡታቸው እንዳይመስላችሁ፤ ለሳል ነው የመጡት። ደረታቸውን ላዳምጥ ስል ግራ ጡታቸው ላይ ተቀጥቅጦ የተለጠፈ የደረቀ ቅጠል አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«ኧረ ምንም አይደለም ልጄ፣ ትንሽ ጠጠር ብላብኝ ነው። አታመኝም።»

«መቼ ጀመረዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «ከመስከረም ወዲህ ነች።» የነበርነው ሚያዝያ ላይ ነው። ሰባት ወር ሆኗታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «አታመኝም» የሚለው ቃል ብዙ እናቶችን አዘናግቷል። አዲስ የወጣ፣ ጠጠር ያለ፣ የማያም እብጠት ሲሆን ነው እኛ ይበልጥ የምንጨነቀው። የጡት ካንሰር በጊዜው ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሌላው የሚያዘናጋ ነገር ደግሞ «አምስት ልጅ አጥብቻለሁ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ማጥባት አደጋውን ይቀንሳል። ዜሮ ግን አያደርገውም።

ሳላቸው ጉንፋን ነበር፣ አለፈ። እብጠቷ ግን ወደ 3 ሳንቲሜትር ትሆናለች። ብብታቸው ውስጥም አንድ ደረቅ ያለ ንፍፊት በጣቴ ነካሁ። ይህቺን ንፍፊት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ሪፈር ጻፍኩ፣ አልትራሳውንድ ተነሡ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ፦ የጡት ካንሰር።

ውጤቱን ስነግራቸው አላለቀሱም። የሕክምናውን ቅደም ተከተል ስናገር ግን ኬሞ የሚለው ጋ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። ጎረቤታቸው ኬሞ ወስዳ ፀጉሯ ረግፎ፣ ምግብ አልረጋ ብሏት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት ሳትወጣ አይተዋል። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ያመመችኝ ይቺው ናት። ሌላው ሰውነቴ ደህና ነው። መድኃኒቱን እዚችው ላይ ብታስቀምጡልኝና ሌላውን ብትተዉልኝስ?»

ይሄ ጥያቄ ያልተማረ ሰው ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ከ50 ዓመት በላይ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

እስቲ ኬሞ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል፣ በደም ተሸክሞ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይዞራል። ዓላማው ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎችን መግደል ነው። ካንሰር ቶሎ ይራባል። ችግሩ የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና ደም የሚሠራው መቅኔም ቶሎ የሚራቡ መሆናቸው ነው። ፀጉር የሚረግፈው፣ የሚያስመልሰው፣ ኢንፌክሽን የሚደፍረን ለዚህ ነው። ለጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ዶክሶሩቢሲን የሚባል ቀይ መድኃኒት አለ፤ እሱ ደግሞ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ መውሰድ የሚችለው መጠን ገደብ አለው። እና ከገባው መድኃኒት ዕጢው ጋ የሚደርሰው በጣም ጥቂቱ ነው። የቀረው ሌላ ቦታ ነው የሚዞረው።

ስለዚህ እዛው ቦታው ላይ ብናስቀምጠውስ? አንድ ጊዜ ብቻ ብንወጋው ደም አጥቦ ይወስደዋል። ቀስ እያለ፣ ለሳምንታት መድኃኒቱን የሚያፈልቅ ዕቃ ያስፈልጋል። ዋናው ጥበብ ያለው መድኃኒቱ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮበርት ላንገር የሚባል ወጣት የኬሚካል መሐንዲስ ቦስተን ውስጥ ጁዳ ፎክማን ከሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ላቦራቶሪ ገባ። መሐንዲስ ሆስፒታል ውስጥ ምን ይሠራል ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በ1976 ሁለቱ አብረው አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ ፕሮቲንን የመሰሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ (ፕላስቲክ መሰል ቁስ በሉት) ቀስ እያሉ ለረጅም ጊዜ እንዲወጡ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ላንገር ማለት በኋላ የኮቪድ ክትባት የሠራውን ሞደርናን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ሥራ ከወጡት ነገሮች አንዱ ግሊያዴል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ ለጭንቅላት ካንሰር የሚሆን መድኃኒት ነው። መልኩ ትንሽ ሳንቲም ይመስላል፤ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ያወጣና በቀረው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ እስከ 8 የሚደርሱ ሳንቲሞችን ደርድሮ ይዘጋል። ሳንቲሞቹ እዛው እየሟሙ ካርሙስቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ይለቃሉ። ልክ እኚህ እናት እንዳሉት ማለት ነው፦ እዚችው ላይ።

ውጤቱስ? ካንሰሩ ተመልሶባቸው በድጋሚ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው 222 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ መድኃኒት ያለው ሳንቲም የተቀመጠላቸው ታካሚዎች አጋማሹ 31 ሳምንት ቆዩ፤ መድኃኒት የሌለው ሳንቲም የተቀመጠላቸው ደግሞ 23 ሳምንት። ልዩነቱ 8 ሳምንት ነው። ለአንድ ቤተሰብ 8 ሳምንት ትንሽ አይደለም፤ ግን «ዳነ» የሚያስብል አይደለም። የራሱ ጣጣም አለው፤ ቁስሉ ቶሎ ላይድን ይችላል፣ ጭንቅላት ውስጥ እብጠትና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ቦታው ላይ የተቀመጠ መድኃኒት ቦታውን ይጎዳል፤ ያለ ዋጋ የሚመጣ ነገር የለም።

እና ለምን ጭንቅላት ተመረጠ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። ያ የጭንቅላት ካንሰር ከጭንቅላት ወጥቶ ጉበት ወይም አጥንት የመሄድ ልማድ የለውም። ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ድሮ ከነበረበት ቦታ አጠገብ ነው። ስለዚህ ቦታውን መጠበቅ ትርጉም አለው።

የጡት ካንሰር ደግሞ መንገደኛ ነው። መጀመሪያ ብብት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ይሄዳል። ሰው ከጡት ካንሰር የሚሞተው ጡት ውስጥ ባለው እብጠት አይደለም፤ ያለ ጡት መኖር ይቻላል። የሚገድለው የሄደው ነው።

ይሄን በደንብ ያሳየ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ በርናርድ ፊሸር የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የመሩት። አንዳንዶቹ ሴቶች ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ተነሣ፣ አንዳንዶቹ ዕጢው ብቻ ወጣላቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ዕጢው ወጥቶ ጨረር ተጨመረላቸው። ከ20 ዓመት በኋላ እዛው ጡት ላይ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ጨረር ካልተሰጣቸው 39 በመቶ፣ ከተሰጣቸው 14 በመቶ ነበሩ። በሕይወት የመቆየት ጉዳይ ላይ ግን ሦስቱም ቡድኖች እኩል ወጡ። ይሄ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ዕጢው የነበረበት ቦታ እንዲሁ የሚተው አይደለም፤ የሆነ ነገር መደረግ አለበት። ሁለተኛ፣ ቦታውን ብቻ ማከም የሄደውን አይመልስም።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ተመራማሪዎች እየሞከሩ ያሉት በዋናነት ይሄንን ነው፦ ዕጢው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ ውስጥ መድኃኒት የያዘ ጄል ማስቀመጥ። ሲወጋ ፈሳሽ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይረጋል (ሃይድሮጄል የሚሉት እሱን ነው)። ከጨርቅ ክር በጣም በቀጠኑ ክሮች የተሠራ፣ መድኃኒት የተነከረ ስስ ሽፋንም አለ። ዶክሶሩቢሲንን እንዲህ አድርገው ሲሰጡ ዕጢው ቦታ ላይ ብዙ፣ ልብ ላይ ደግሞ ትንሽ እንዲደርስ ማድረግ ተችሏል። በአይጥ። አዎ፣ ስትሰሙት ደስ ይላል፤ ግን የአብዛኞቹ ዜናዎች ታካሚ አይጥ ነች። ቪዲዮው ይቺን ቃል ነው የሚዘልላት።

በሰው ላይ ራቅ ብሎ የሄደ አንድ ሙከራ አለ። ታሞክሲፈን የሚባለውን የጡት ካንሰር ኪኒን ታውቁታላችሁ። እሱን በኪኒን ከመዋጥ፣ ጉልበቱን የያዘውን ንጥረ ነገር በጄል መልክ ጡት ቆዳ ላይ መቀባት ይቻላል ወይ ተብሎ፣ ገና ከወተት ቧንቧው ባልወጣ በጣም ጅምር ካንሰር ላይ ተጠና። የመጀመሪያው አነስተኛ ጥናት ደስ የሚል ነበር፤ የካንሰሩ ሴሎች መራባት ቀነሰ፣ ደም ውስጥ የገባው መድኃኒትም ከኪኒኑ ያነሰ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሰፋ ያለ ጥናት ግን ጄሉ ከኪኒኑ እኩል መሥራቱን ማረጋገጥ አልቻለም። በቃ፣ ሳይንስ እንዲህ ነው። ስለ መጀመሪያው ጥናት ሺህ ቪዲዮ ይሠራል፣ ስለ ሁለተኛው ማንም አይሠራም።

ቦታ ሳይሆን ሴል መርጦ የሚሄድ መድኃኒትም አለ። ሄር-2 የሚባል ምልክት ባለው የጡት ካንሰር ላይ፣ ኬሞውን ያንን ምልክት በሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ጭኖ መላክ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈቅዶ በሰው ላይ እየሠራ ነው። በዋጋው ግን አይነካም። በሌላ ቀን ለብቻው እጽፍበታለሁ።

«ታዲያ ለጡት ካንሰር የሚቀበር መድኃኒት ጭራሽ የለም ማለት ነው?» ብትሉኝ፣ አለ። ጎሴሬሊን ይባላል፤ ብዙዎች ዞላዴክስ በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ነች፣ በየ28 ቀኑ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር በመርፌ ትቀመጣለች። የተሠራችበት ቁስ ራሱ ከሚቀልጠው የቀዶ ጥገና ክር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ፣ «ክሩ አይወጣም፣ ራሱ ይሟሟል» የተባላችሁት ማለት ነው። እየሟሟች 3.6 ሚሊ ግራም መድኃኒት ቀስ ብላ ትለቃለች። ይሄ መድኃኒት የወር አበባቸው ገና ያልቆመ ሴቶች እንቁልጢያቸው ኤስትሮጅን እንዳያመርት ያደርጋል፤ በኤስትሮጅን የሚመገብ ካንሰር ምግቡ ይቆረጥበታል።

ልብ በሉ ግን፦ የተቀበረችው ሆድ ላይ ነው፣ የምትሠራው መላ ሰውነት ውስጥ ነው። ለጡት ካንሰር እስካሁን የሰመረልን መቀበር ይሄኛው ዓይነት ነው።

ለነገሩ እኛ አገር የሚቀበር መድኃኒት እንግዳ ነገር አይደለም። ክንዷ ላይ ኢምፕላኖን ያላት ሴት በየሰፈሩ አለች፤ ገጠር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳይቀሩ ያስቀምጣሉ። አንዲት ቀጭን ዘንግ 68 ሚሊ ግራም ሆርሞን ይዛ ለ3 ዓመት ታፈልቀዋለች። ሐሳቡ አንድ ነው። (መንገድ ላይ እያለሁ፦ የጡት ካንሰር ከተገኘባችሁ የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም የለባችሁም። ክንዳችሁ ላይ ያለውንም ሆነ የሦስት ወሩን መርፌ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው ሳይናገር ይቀራል።)

ወደ ዘመሮዋ እናት ልመለስ።

የቀዶ ጥገናቸው ቀን ተቆርጦ፣ አዲስ አበባ ከምትሠራ ልጃቸው ጋ ተቀምጠው ሳለ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ነች።

«ዶክተር፣ አንድ ቪዲዮ ልኬልሃለሁ፣ አየኸው? እማዬን ጡቷን ከሚያነሱባት ይሄኛው እስኪገባ ብንጠብቅስ?»

«መቼ ነው የሚገባው?»

«በቅርቡ ይላል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ግን የዚህች ልጅ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? እናቷ እንዳይጎዱባት ነው የፈለገችው። በዚያ ላይ ቪዲዮውን እናቷም አይተውታል። «እኔስ ምን ብዬ ነበር?» ብለዋታል አሉ። እዚችው ላይ ብታስቀምጡልኝ ያሉት ነገር ፈረንጅ አገር ተሠርቶ ሲያዩት፣ ማን ነው የማይጠብቀው?

«ስሚኝ እህቴ» አልኳት፤ «እናትሽ ብብት ውስጥ እኔ በጣቴ የነካሁት ነገር አለ። ይሄ ጄል ነገ ጠዋት ቦሌ ቢያርፍ እንኳን እሱ ጋ አይደርስም። የሚቀመጠውም ቀዶ ጥገናው ከተሠራ በኋላ ነው እንጂ በቀዶ ጥገናው ፋንታ አይደለም።»

ዝም አለች። ቆይታ «እሷን አንተው ንገራት» ብላ ስልኩን አቀበለቻቸው።

ለእሳቸው ስለ ፖሊመር አላወራሁም። «እናቴ፣ ገብስ ውስጥ ስናር ገብቶ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«እነቅለዋለሁ እንጂ።»

«ሳያዩት ቆይቶ ዘሩ ከረገፈስ?»

«ዘሩ ከረገፈማ ያቺን መንቀል ብቻውን ምን ይረባል? ለከርሞ ማሳውን ሞልቶት ነው የሚያድረው።» ከዚያ ራሳቸው ደረሱበት። ድምፃቸው ቀዝቀዝ አለ። «ዘሩ ረግፏል ነው የምትለኝ?»

ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ለመሸሽ ብዙ መንገድ አለ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ይቻላል፣ «ውጤቱን እንይ» ማለት ይቻላል። እኔም ለአፍታ አሰብኩት።

«ትንሽ የረገፈ ይመስለኛል እናቴ። ግን ገና አልበቀለም። ኬሞው ለእሱ ነው።»

«እሺ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በተቆረጠው ቀን ገቡ።

ጡታቸው ተነሣ፣ ብብታቸው ውስጥ የነበሩት ንፍፊቶችም ወጡ። የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ከወጡት 14 ንፍፊቶች 3ቱ ውስጥ ካንሰር ነበር። እብጠቷ ላይ የሚቀመጥ መድኃኒት፣ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ እነዚያን ሦስቱን አያገኛቸውም ነበር።

ቀጥሎ ኬሞ። በየ3 ሳምንቱ፣ 8 ጊዜ፣ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጎረቤታቸው ላይ ካዩት ያነሰ አሳመማቸው፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለወሰዱ ይመስለኛል። ፀጉራቸው ግን ረገፈ። ሻሽ አሠሩ። ልጃቸው ጋ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ አዝመራው ካለ እሳቸው ተሰበሰበ። ከዘመሮ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ፤ በየሦስት ሳምንቱ ይሄን መመላለስ በደህና ጉልበትም አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ስለዚህ ቴክኖሎጂ የእኔ አስተያየት ከፈረንጆቹ ትንሽ የሚለየው። እነሱ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ነው አብዝተው የሚያወሩት። እኔ ዘመሮ ሆኜ ሳስበው ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። አንድ ጊዜ ተቀምጦ ለሳምንታት የሚሠራ መድኃኒት ማለት ለመንዝ ሰው የሚቀር ጉዞ ማለት ነው፤ የማይሸጥ በግ ማለት ነው። ኢምፕላኖን ገጠር ድረስ የገባው እኮ «በየቀኑ ኪኒን አትውጪ፣ በየወሩ አትመላለሺ» ስላለ ነው። ጡትን ሳያነሱ ዕጢውን ብቻ የማውጣት ነገርም ከጨረር ጋር የሚሄድ ሕክምና ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጥበት ቦታ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት አንድ ቀን የጨረሩን ሥራ በከፊል እንኳን ቢተካ፣ ከቦስተን ይልቅ የሚጠቅመው እኛን ነው። ስለዚህ ተስፋ አታድርጉ አይደለም የምለው። ተስፋ እያደረጋችሁ ቀጠሯችሁን አታሳልፉ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ወደኔ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉበት። የተሞከረው በማን ላይ ነው፣ በአይጥ ወይስ በሴቶች? ከዚያ ደግሞ፣ ከሕክምናው ጋር ተጨምሮ ነው ወይስ በሕክምናው ፋንታ? «በፋንታው» የሚል ከሆነና የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ዝጉት።

እዛው ቦታው ላይ ስለሚለጠፈው የአገር መድኃኒትም ሳልናገር አላልፍም። ቅጠል መለጠፍ፣ መተኮስ፣ ቅባት ማሸት እብጠቱ ውስጥ ገብቶ ካንሰሩን አይገድልም፤ ቆዳውን ግን ያቆስላል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚበላው ጊዜ ነው። እኚህ እናት ሰባት ወር ቅጠል እየቀየሩ ቆይተዋል። ያቺ የብብት ንፍፊት በየትኛው ወር እንደመጣች ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ግን አንዳንዴ አስባታለሁ። ጠበል የምትጠመቁ ደግሞ ተጠመቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ የሐኪም ቀጠሮና መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ።

መታየት ያለበት ምንድን ነው? አዲስ እብጠት ጡት ወይም ብብት ውስጥ፣ ቢያምም ባያምም። እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ወይም ወደ ውስጥ የተሳበ ቆዳ። ድሮ ያልነበረ የጡት ጫፍ መግባት፣ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ስለዚህ ፈርታችሁ አትቅሩ። «ገና ወጣት ነኝ» ብላችሁም አትቅሩ፤ እኛ አገር በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ወንዶችም፣ እናንተም ትንሽ ብትሆን ጡት አላችሁ፤ እናንተም ላይ ይወጣል።

እኚህ እናት ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሰዋል። ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ ስለነበረ አሁን በቀን አንድ ታሞክሲፈን ይውጣሉ። ርካሽ ኪኒን ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር ለ5 ዓመት ሳይቋረጥ ሲወሰድ በካንሰሩ የመሞትን አደጋ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ማንም ቪዲዮ አይሠራለትም። ዘመሮ ተመልሰዋል። ባለፈው ልጅቷ ደውላ አገናኘችን።

«ልጄ፣ ፀጉሬ በቀለ፤ ከድሮው ይልቅ ተጠቅልሎ ነው የበቀለው» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ያ ጄል ያላችሁት መጣ እንዴ?»

«ገና ነው እናቴ።»

«ይምጣ። ለሌላዋ ይሆናል።»

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የጡት ፎቶ ግን በኢንቦክስ አትላኩልኝ፤ እብጠት በፎቶ አይዳሰስም። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።